ስሙ የማይጠራ ውሃ

የኒሮጃ አክስት ቢንዱ ማክሰኞን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «የሰኞ ማግስት» ትለዋለች። የዓሣ ገበያው የሚቆመው በሰኞ ማግስት ነው፤ ጥፍር በሰኞ ማግስት አይቆረጥም፤ ቀይዋ ላም የወለደችውም በሰኞ ማግስት ነበር። ምክንያቱን ኬያታላ መንደር ውስጥ የማያውቅ የለም። ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ባሏ ሞንጎል ይባል ነበር፤ ሞንጎል በእኛ ቋንቋ ማክሰኞ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙን የሚመስል ቃል ሁሉ ከአፏ አታወጣም።

ቢንዱም እንደ መንደሩ ሚስቶች ሁሉ፣ ባሏ በሕይወት ሳለ ስትፈልገው «ትሰማለህ?» ነበር የምትለው። ከጓሮ፣ ከማድቤት፣ ከኩሬው ዳር፣ «ትሰማለህ?»። እሱም መልሶ «ትሰሚያለሽ?» ይላታል። ኒሮጃ ልጅ ሳለች የሰውየው ስም «ትሰማለህ» ይመስላት ነበር። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ የቤቱን ባለቤት ስም ቢጠይቃት «ትሰማለህ» አለችው። እንግዳው «እሰማለሁ እንጂ፤ ስሙን ንገሪኝ» አላት። እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ትሰማለህ!» አለችው። ይህን እያነሱ ቤቱ ውስጥ ለዓመታት ተስቋል።

አሁን ኒሮጃ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚያ ቤት ሰው ከሳቀ ሰንብቷል።

አባቷ ሺሺር ባቡ የጨው ዳሮጋ ናቸው፤ ማንም ሰው ከባሕሩ ውሃ ጨው እንዳያፈላ ዳርቻውን የሚጠብቁ፣ የተገኘውን የማፍያ ሸክላ የሚያሰብሩ፣ ያፈላውን ሰው ለፍርድ የሚያቀርቡ የእንግሊዝ መንግሥት ሹም። ሥራውን ወደውት እንደሆነ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተውታል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን በሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ወርዶባቸዋል። መንግሥት ይህን አያውቅም። የመጣላቸውን ወረቀት የምታነብላቸው፣ ሪፖርታቸውን የምትጽፍላቸው፣ አሸዋው ላይ ሲሄዱ ትከሻዋን የምታስይዛቸው ኒሮጃ ናት። ወረቀት በመጣ ቁጥር «ምን ይላል፣ እማ?» ይሏታል። እኛ ዘንድ አባት ልጁን እማ ይላል፤ የእሷ አባት ሲሉት ግን እናቱን እንደሚጠራ ሕፃን ነበሩ። ሊያጩዋት የመጡ ሰዎች በየሰበቡ ተመልሰዋል። አባትዬው አልሰጥም አላሉም፤ እሷም አላገባም አላለችም። ሁለቱም ዝም ብለው ነበር የኖሩት።

ሳጋርን ያወቀችው የጨው ዓመት በተባለው ዓመት መጀመሪያ፣ በበጋው ነው። ያን ዓመት ጠበቃውም ተማሪውም ባልቴቷም ሸክላ ይዘው ወደ ዳርቻው ወርደዋል። እንግሊዝ ሀገራችንን ይልቀቅ ለማለት አንድ እፍኝ ጨው ማፍላት በቂ ነበር። አባቷ ሁለት ፖሊሶችና እሷን ይዘው በደረሱ ጊዜ አንድ ቀጭን ሰው እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ ሸክላው ሲሰበር ዝም ብሎ አየ። ኒሮጃ የዘንባባ ጥላ ሥር ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነበር። አባቷ ስሙን ጠየቁት።

«ሳጋር» አለ።

በእኛ ፊደል «ስ» ሦስት ዓይነት ናት። ኒሮጃ ደግሞ ፊደል መሳት ትፈራለች። ቀና ሳትል «በየትኛው ስ ነው የሚጻፈው?» አለችው።

«ወደ ኋላዎ ዞር ይበሉና ይዩት፤ በዚያኛው ነው» አላት።

ዞረች። ከኋላዋ ባሕሩ ነበር። ሳጋር ማለት ባሕር ማለት ነው። ፖሊሶቹ ሳቁ፤ የእሷ ጆሮዎች ጋሉ። አባቷ ምን አለ ብለው ሲጠይቋት «ስሙን ነው የነገረኝ» አለች። ከዚያ ጻፈች። ሦስት ፊደል ለመጻፍ እንዲያ ረጅም ጊዜ ወስዶባት አያውቅም።

ያን ቀን በማስጠንቀቂያ ለቀቁት። በሳምንቱ፣ ከተሰበሩት ሸክላዎች በአንደኛው ሥር፣ ለእሷ የተጻፈ ደብዳቤ አገኘች። አያቱ ማላንጊ ነበሩ፤ ማላንጊ ማለት ከአባት ከቅድመ አያት ጨው አፍሊ ማለት ነው። መንግሥት ሲከለክል አያቱ ሥራቸውን ጥለው የሰው ማሳ አረሙ፤ አባቱ በመርከብ የመጣ ጨው እየገዙ በሉ። እሱ ከተማ ተምሮ ተመልሶ ለመንደሩ ልጆች ፊደል ያስተምር ነበር። ይህን ሁሉ ሲጽፍላት «እርስዎ» እያለ ነው። የዳሮጋ ልጅ ናት፤ የትልቅ ቤት ሰው። እሷም «እርስዎ» እያለች መለሰችለት፤ የማላንጊ ልጅን በዚያ ቤት «እርስዎ» ያለው ሰው ከእሷ በፊት አልነበረም። ፊት ለፊት የተነጋገሩት አራት ጊዜ ብቻ ነው። በአራተኛው ጊዜ፣ ልክ እንደዘበት፣ ሸክላዎቹን የሚታኘክ ቅጠል ወደሚበቅልበት ወደ ቢትል አትክልቱ እንዳዛወራቸው ነገራት። «ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም» አላት።

በማግስቱ አባቷ ከፖሊሶቹ ጋር ሄደው ሳጋርን አስይዘው ከቢትል አትክልቱ ሲመለሱ ጫማቸው አመድ ለብሶ ነበር። ለካ በጀልባ ሰው የሚያሻግረው ሽማግሌ ጭስ አይቶ ተናግሯል። አባቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እንደ ሁልጊዜው ቃሉን ተናገሩ፤ እሷ ጻፈች። «በደረሰን ጥቆማ መሠረት» ሲሉ እጇ ቆመ። «ምነው፣ እማ?» አሏት። «ቀለሙ አልቆ ነው» አለች። ቀለሙ አላለቀም ነበር።

ፍርድ ቤት ከአባቷ ጎን ቆማ ወረቀቱን ለዳኛው ያቀበለችው እሷ ናት። ሳጋር «ጨው አፍልቻለሁ» ከማለት ሌላ አልተናገረም። አንድ ዓመት ተፈረደበት። ሲያወጡት አያት። የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ ቢያያት በተሻለ ነበር፤ የማያውቁትን ሰው ዓይን ነካ አድርጎት ያልፋል። እሱ ግን አወቃት፤ ካወቃት በኋላ ነው ዓይኑን የመለሰው።

*

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈችው በማግስቱ ነው። ጭሱን ያየው የጀልባው ሽማግሌ መሆኑን፣ ከእሷ አፍ ቃል እንዳልወጣ፣ እጇ የጻፈውን ልቧ እንዳልጻፈው። «እርስዎ» ብላ ጀመረችና ሰረዘችው። «አንተ» አለችው። ከዚያ ሌላ ነገር፣ ቀለል ያለ ነገር፣ መጻፍ ፈለገች፤ ስለ ዳርቻው፣ ዛሬ ማዕበሉ እንዴት እንደሚጮኽ። ቃሉ ዘንድ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ።

ብዙ ጊዜ የጻፈችው ቃል ነበር። በየሪፖርቱ ላይ አለ፤ ከባሕሩ ዳር፣ ከባሕሩ ሁለት መቶ እርምጃ። አሁን ግን እጇ አልሄደም። ለባሕር ሌላም ስም አለን፤ እሱን ልትጽፍ ሞከረች፤ እሱም ያው ሰው በሌላ ልብስ ሆኖ ታያት። ብዕሩን አስቀምጣ እጆቿን እያየች ቆየች። አንድም ሰው ሳያያት አንድ ነገር እንደተደረገባት ተሰማት። ደስታ ይሁን ፍርሃት አልለየችውም። የሙሽራ ሳሪ አልለበሰችም፤ ማንም አልዳራትም፤ ሰውየውም ፊቱን አዙሮባት ነው የሄደው።

«ትልቁ ውሃ ዛሬ ይጮኻል» ብላ ጻፈች።

ፖስታው ላይም ስሙን መጻፍ አልቻለችም። ከፍርዱ ወረቀት ያገኘችውን ቁጥር አሰፈረች፤ እስረኛ ሦስት መቶ አርባ ሰባት። ከታች «ኒ» ብቻ ብላ ፈረመች።

ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ። ደብዳቤዎቹ አሥራ አንድ ደረሱ። መልስ የለም። መጀመሪያ የወህኒ ፖስታ ይዘገያል አለች። ቀጥሎ ታሞ ይሆናል አለች። ከዚያ በኋላ ሳያነብ ሲቀድዳቸው በዓይነ ሕሊናዋ ማየት ጀመረች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በእርጋታ፤ ሸክላው ሲሰበር እንዳየው በዝምታ። ከሰዓት በኋላ አባቷ ጋደም ሲሉ ወደ ዳርቻው ትወርድና ትቀመጣለች። ያስተምርበት የነበረው ዳስ ጣራው ወርዷል። ውሃው ሄዶ ይመጣል። የምትጠራው ስም የላትም፣ የሚጠራትም የለም።

*

ሚስተር ዌልዶን የመጣው ሩዝ በሚታጨድበት ወራት ነው። ወጣት የፖሊስ ሹም ነው፤ ቋንቋችንን ከመጽሐፍ የተማረና በዚህም የሚኮራ። ሌሎቹ ሹማምንት አስተርጓሚ ሲያስቀምጡ እሱ የእስረኞችን ደብዳቤ ራሱ ያነባል ይባል ነበር። ሺሺር ባቡን ከነልጃቸው ዳርቻው ላይ ወዳለው የመንግሥት ማረፊያ ቤት አስጠራቸው። አባቷ የወር ሪፖርት ጉዳይ መስሏቸው ንጹሕ ኮታቸውን ለበሱ። ትከሻዋን ይዘው ሄዱ።

መስኮቱ ወደ ባሕሩ የተከፈተ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ደብዳቤ ተደርድሯል። አጠገባቸው የአባቷ ሪፖርት።

ኒሮጃ መጀመሪያ ያየችው ወረቀቶቹ እንደነበሩ መሆናቸውን ነው። አልተቀደዱም። አልደረሱትም ማለት ነው። በዚያ ቅጽበት፣ ከፍርሃቱ ሁሉ በፊት፣ ልቧ ውስጥ ያለፈው ደስታ ነበር።

ሳሂቡ፣ ፈረንጅ ሹምን እንዲህ ነው የምንለው፣ እንደ ጥንት መጽሐፍ ነው የሚናገረው። «ወይዘሪት ሆይ፣ ይቀመጡ ዘንድ እለምናለሁ» አላት። የሪፖርቱና የደብዳቤው እጅ ጽሑፍ አንድ መሆኑን አሳያቸው፤ አባቷ አልተንቀሳቀሱም፤ ሁለት ወረቀት ፊታቸው ሲዘረጋ ዓይናቸው በወረቀቶቹ መሐል ባዶ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ሳሂቡ ይህን አየ። ስለ ዓይናቸው ግን ምንም አላለም። ለዚያ አልነበረም የመጣው።

ከደብዳቤዎቹ በእርሳስ ያሰመረባቸውን እያነሳ አነበበ። ቃላቷ በሰው አፍ፣ ያውም በእንግዳ አፍ፣ አባቷ ፊት ሲነበቡ ኒሮጃ ወለሉን እያየች ሰማች። ትልቁ ውሃ ሰሞኑን አይተኛም። በሚመጣው ሙሉ ጨረቃ ትልቁ ውሃ እስከ መንገዱ ይደርሳል፤ ያኔ ደጃችን ላይ ነው። ትልቁ ውሃ ያመጣውን ሁሉ ላንተ ደብቄ አስቀምጬልሃለሁ።

ያመጣው ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት። ዛጎል ነው አለች። አላመናትም። እሱ ያሰበው መርከብ ነበር፤ በሙሉ ጨረቃ ማዕበል ወደ ዳርቻው የሚጠጋ፣ ጠመንጃ የጫነ መርከብ። ባሕሩን የሚጠሩ አራት ቃላት እንደሚያውቅ ነገራት። አሥራ አንድ ደብዳቤ ውስጥ አንዱም የለም። ባሕር አፍንጫዋ ሥር ያለ ሴት፣ በየገጹ ስለ ባሕር እየጻፈች፣ ቃሉን አንዴም አትጽፍም። የሚጻፍለትም ሰው ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ። ይህ የምስጢር ቋንቋ ካልሆነ ምንድን ነው? ካላስረዳችው ሳጋር ከእንግዲህ በጨው ሳይሆን በሴራ ይከሰሳል። በሴራ የተፈረደበት ሰው ከጥቁሩ ውሃ ማዶ ወዳሉት የወህኒ ደሴቶች ይሄዳል። ከዚያ የተመለሰውን በጣት መቁጠር ይቻላል።

ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኩሎ ነበር። በጣቱ መስኮቱን አሳያት።

«ያ ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው።»

«በስሙ ይጥሩት። አንዲት ቃል ናት። ከጠሩት የተሰወረ ነገር የለም ብዬ አምናለሁ፤ ደብዳቤዎቹም ዛሬውኑ ይደርሱታል።»

አንዲት ቃል። ደጅ ላይ ልጆች ቀኑን ሙሉ የሚጯጯኹባት ቃል። ጠርታት ብትወጣ አሥራ አንዱም ይደርሱታል፤ ጭሱን ማን እንዳየ ያውቃል፤ ያ ዓይን ይመለሳል። ግን የሚደርሱት ደብዳቤዎች ከማን የተላኩ ይሆናሉ? ስሙን ከጠራች ሴት። እንደማንም ሰው ከምትጠራው ሴት። አለመጥራቷ ብቻ ነበር ያላት፤ ቀለበት የለ፣ ምስክር የለ፣ ከእሱ ቃል የለ።

ባትጠራውስ? ባትጠራው ምክንያቱን መናገር አለባት። አባቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ካነሰ ወዲህ ሰው ዝም ሲል ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው በጆሮ ያዩ ነበር። አሁንም ዘንበል ብለው እሷን እያዩ ነበር።

አፏን ከፈተች። የቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ ጥርሷ ዘንድ ደረሰ። እዚያው ቀረ።

«አልችልም» አለች።

«ማን ከለከልዎት?»

«ማንም አልከለከለኝም» አለች። ድምፅዋ ለራሷም ሩቅ ሆነባት። «የሰው ስም ነው። እኔ የማልጠራው ስም ነው።»

በኬያታላ ይህን ሰምቶ ሌላ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሳሂቡ ግን ብዕሩን አነሳ፤ የማን ስም፣ የየትኛው መሪ፣ በማን ትእዛዝ የማይጠራ፤ ሊጽፍ ጠበቀ። ኒሮጃ ሁሉንም ብላዋለች።

ያኔ የአባቷ በትር ወለሉን ቀስ ብሎ መታ።

«ጌታዬ፣ ብዕርዎን ያስቀምጡ» አሉ። «የኔ ስም ሺሺር ነው። ጤዛ ማለት ነው፤ መጽሐፍዎ ላይ ይኖራል። ሚስቴ ከእኔ ጋር አሥራ ስድስት ዓመት ኖረች። ጧት ጧት ሣሩ ሲረጥብ ታውቃለች፣ እግሯ እየራሰ ትመጣለች፤ ጤዛ የሚለውን ቃል ግን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። የማለዳ እርጥበት ትለው ነበር። ስትሞትም ቀዝቅዟት ያንኑ አለች፤ የማለዳው እርጥበት መጣ ወይ አለችኝ።» በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «የምስጢር ቋንቋ አይደለም። ልጄ ባል አላት፤ ይኸው ነው። እኔም እንደ እርስዎ አሁን ነው የሰማሁት።»

የሳሂቡ ፊት ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ፤ ከዚያ ማንንም ሳያይ፣ እንደ መጽሐፍ ሳይሆን እንደ ሰው፣ «ይህ መጽሐፉ ውስጥ የለም» አለ።

ሲወጡ ኒሮጃ ትከሻዋን አዘጋጅታ ጠበቀች። አባቷ አልያዙትም። በትራቸውን አሸዋው ላይ እየሰኩ ቀድመዋት ሄዱ። ሁለት ጊዜ ተሰናከሉ። እሷ ከኋላቸው ሦስት እርምጃ ርቃ፣ እጆቿን ሰብስባ፣ ትከሻዋ ባዶ ሆኖ እየቀለላት ተከተለች። እንዲያ የሚከብድ ቅለት ከዚያ በፊት አታውቅም።

*

አባቷ ሥራቸውን ለቀቁ። የመልቀቂያውን ወረቀት የጻፈላቸው የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ነው። አልተቆጡም፤ ከቤት ውጪ አላሏትም። እማ ማለት ብቻ ተዉ። ውሃ ሲፈልጉ «ውሃ አለ?» ይላሉ፣ ለማን እንደሆነ ሳይለይ፣ ለቤቱ እንደሚናገር ሰው።

አክስቷ ቢንዱ ሳምንት ሙሉ አኩርፋ ሰነበተች። የማላንጊ ልጅ ተገኘና፤ ከስንቱ ወንድ መሐል ጨው አፍሊ። በስምንተኛው ቀን ሩዝ እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ ነገሩን አነሳችው።

«የኔው ይሻላል» አለች። «በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፤ የሰኞ ማግስት ብዬ እገላገለዋለሁ። አንቺ ግን ምን ልትሆኚ ነው? ደጅ በወጣሽ ቁጥር ተጋድሞ ይጠብቅሻል።»

ኒሮጃ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ቢንዱ የሩዙን ወጭት አስቀምጣ ራሷን ደረቷ ላይ ያዘችላት። «ይመልስልሽ ይሆን?» አለች በኋላ፤ መልሱን ሁለቱም አያውቁትም ነበር። ሳሂቡ ክሱን ትቶ ደብዳቤዎቹን ልኮለታል። ቢያምናትስ? ቢያምናትም እኮ አንድ ነገር ይቀራል። እሷ ሚስቱ ነኝ አለች፤ እሱ ባሏ ነኝ አላለም። ማንም ሴት ብቻዋን ማግባት አትችልም። ስትተኛም ስትነሳም የሚያቃጥላት ይህ ነበር፤ አባቷን ያጣችለት ጋብቻ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ እንዳይቀር።

ደብዳቤው የመጣው የዘንባባው ጭማቂ ተፈልቶ መንደሩ ሁሉ ጣፋጭ በሚሸትበት ወር ነው። ፖስተኛው በረንዳው ላይ ለተቀመጡት አባቷ ሰጣቸው። ኒሮጃ ከውስጥ ሆና አየቻቸው። ፖስታውን አገላብጠው ዳሰሱት፤ አውራ ጣታቸው የወህኒ ቤቱ ማኅተም ላይ ሲደርስ ቆመ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ተነሡ፤ ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡና እጃቸውን እሷ ወዳለችበት ዘረጉ።

ሦስት ዓመት ሙሉ እጃቸው የገባ ወረቀት ሁሉ «ምን ይላል?» ተብሎበታል። ይህን ሰጥተዋት፣ ምን ይላል ሳይሉ፣ ዞረው ወጡ።

ወደ ዳርቻው ወርዳ ከፈተችው። አንድ ገጽ ነው። ገጹን የወህኒው ሰው በጥቁር ቀለም አጥፍቶታል፤ መስመር በመስመር፣ ከላይ እስከ ታች፣ በጥንቃቄ። ወደ ብርሃኑ አንሥታ ብታየው ከቀለሙ ሥር ምንም አልታይ አላት። ስለ ጭሱ ጽፎ ይሆናል። ስለዚያ ዓይኑ ጽፎ ይሆናል። ይቅርታ ብሎ ይሆናል፤ ይቅርታ አላደርግም ብሎም ይሆናል። ያ ሁሉ ለዘለዓለም ጥቁር ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ቀለሙ አልደረሰም። ምንም ትርጉም ያላቸው አልመሰለውም ይሆናል የሰረዘው ሰው።

ከታች፣ መጨረሻ ላይ፣ እንዲህ ይላል፤ «ትልቁ ውሃ ከዚህ አይሰማም። አንቺ ስሚልኝ።»

ከላይ ደግሞ፣ ስሟ ሊጻፍ በሚገባበት ቦታ፣ ስሟ የለም። ኒሮጃ አላለም። እርስዎም አላለም። አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ የቢንዱ ባል ወደ ማድቤቱና ወደ ኩሬው ዳር ሲመልሰው በልጅነቷ ስትሰማው ያደገችው ቃል።

«ትሰሚያለሽ?»

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ውሃው ወደ ኋላ እየሸሸ ነበር፤ እርጥቡ አሸዋ ረጅም ሆኖ ማንም ያልረገጠው ነው። ገና ስድስት ወር ይቀረዋል። ስድስት ወር ሙሉ ይህን ሁሉ ውሃ ብቻዋን ልትሰማ ነው።

ዙሪያውን አየች። ማንም የለም። ቢኖርም ግድ አልነበራትም።

«እሰማለሁ» አለች፤ ቀስ ብላ፣ አጠገቧ ላለ ሰው እንደሚባለው።